ሙሽሮቹ ጎማዎች

ጥበቃውን ያገኟቸው ቴክኒሻኖቹ ናቸው። የመኪና መመርመሪያው ሥራ አብቅቶ የኋላውን በር ሊዘጉ ሲወጡ፣ ሽማግሌው ጥበቃ በሩ አጠገብ ባለው ቦይ ውስጥ በጎናቸው ወድቀዋል። ባልዲያቸው ተገልብጧል። አንድ እግራቸው መዞር በማይገባው በኩል ዞሯል፤ ከጭንቅላታቸው ደም ወርዷል። ይተነፍሳሉ፣ ግን አይናገሩም። በሩ ሥር ቀን ላይ አዲስ ሲሚንቶ ተለስኖ ስለነበር እሳቸው ውሃ ሊያጠጡት ነበር የወጡት። ባልደረቀው ሲሚንቶ ላይ አንድ የጎማ ዱካ ማኅተም እንደተመታ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ገጭቶ የሄደው ግን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊሶች ለምርመራ የተሰለፉትን መኪኖች እያጎነበሱ ሲያዩ፣ አንዱ ጎማ ጥርስ ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ አገኙ። ከዱካው ጋር አስተያዩት። ጎማው ላይ ያለችው የጥፍር ቅርጽ የመሰለች ቁስል እንኳ ሳትቀር ገጠመች።

መኪናው የታናሽ ወንድሜ ታክሲ ነበር።

እኔ እንቁላል አከፋፋይ ነኝ። በአሮጌ መኪናዬ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ። ወሬው የደረሰኝ መንገድ ላይ ነው። እንቁላሉን እንደጫንኩ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ወንድሜ አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ምን ብለህ ነገርካቸው?» አልኩት።

«ሰው አልገጨሁም አልኳቸው።»

«ጎማውስ?»

«ጎማው የኔ ነው።»

«አንተ! ከመቼ ወዲህ?»

«እታለም፣ ዝም በይ» አለኝ ጥርሱን ነክሶ። «አደራሽን ዝም በይ።»

ሽማግሌው ካልተነሱ እሱ ነፍስ አጥፍቶ የሸሸ ሰው ሊባል ነው። እኔ ደግሞ ዝም በይ ሲሉኝ የማልሰማ ሰው መሆኔን እናታችን ገና ጡት ሳልጥል ነው ያወቀችው። በሩን ገፍቼ መርማሪዋ ክፍል ገባሁ።

ኢንስፔክተሯ ከኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ሁለተኛ ማርሽ» ይሏታል፤ ሲቸኩሉባትም ሲቆጧትም ያው በአንድ ፍጥነት ስለምትሄድ። ቀና ብላ አየችኝና ወንበር ሳበችልኝ።

«ወንድሜን ልቀቁት! ጎማው የሱ አይደለም!»

«እሱ የኔ ነው ብሏል፣ እትዬ።»

«ይዋሻል!»

«ለምን ይዋሻል?»

እንግዲህ ሰፈሬን የሸጥኩት እዚያ ላይ ነው። በኛ ሰፈር መኪና ያለው ሁሉ ያለው አሮጌ ነው። መኪናው ይሄዳል፣ ይጭናል፣ ያበላል። ምርመራ ሲመጣ ግን ጎማው አለቀ፣ መብራቱ ደከመ ይባላል። ስለዚህ አራት ደህና ጎማዎች አሉን። መጀመሪያ ማን እንደገዛቸው የሚያስታውስ የለም። የሚቀመጡት ጎሚስታው ጓሮ ነው። ምርመራ የደረሰበት ሰው ይወስዳቸዋል፣ ያስራቸዋል፣ ቦሎውን ያስለጥፋል፤ ከዚያ አጥቦ በአጥሩ ላይ ወርውሯቸው ይሄዳል። ሁልጊዜ ታጥበው ከቤት ቤት ስለሚወሰዱ «ሙሽሮቹ» እንላቸዋለን። ስማቸው ግን ውጭ አይነሳም። መመርመሪያው ከሰማ የሰፈሩ ቦሎ በሙሉ ከመስታወት ላይ ይላጣል። ወንድሜ ሰፈሩን ከሚያስቀጣ መታሰሩን መርጧል። ጅል ነው። ደግሞም ወንድ ነው፤ እዚያው አግዳሚው ላይ ሳየው ሁለቱንም አሰብኩ።

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም።

«ከሱ በፊት ማን ነበር ያሰራቸው?»

«አይታወቅም። በአጥር ነው የሚወረወሩት። ወንድሜ ጠዋት ከጓሮው አንስቶ አሰረ፣ ሄዶ ተሰለፈ፣ እናንተ ያዛችሁት።»

«እርስዎስ በነሱ ገብተው ያውቃሉ?»

«እኔ? የሰው ጫማ አድርጌ የትም አልሄድም! ለዚህ ነው የሚጥሉኝ። ባለፈው የዝናብ መጥረጊያሽ፣ የሰሌዳ መብራትሽ፣ የእጅ ፍሬንሽ ብለው መለሱኝ። ለእንቁላል የሰሌዳ መብራት ምን ያደርግለታል?»

«መኪናዎ ውጭ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«የኛን መኪና መመርመሪያው ጥሎት ጋራዥ ገብቷል» አለች ጃኬቷን እያነሳች። «ይዘውኝ ይዞራሉ? ደግሞ አንቺ ይበሉኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንቁላል ሳጥን አቅፋ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር።

---

መጀመሪያ ያጣራችው ጥበቃው በወደቁበት ቀን ከሰፈራችን ማን ማን ቦሎ እንዳገኘ ነበር። ሦስት ሰዎች ሆኑ። ዳቦ አከፋፋዩ፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ እና የመኪና መንዳት መምህሩ።

«ሦስቱም በራሴ ጎማ ነው የገባሁት ይላሉ፤ ታያለሽ» አልኳት።

«ይበሉ» አለች።

ዳቦ አከፋፋዩን ያገኘነው ሳጥን ሲያወርድ ነው። ገና ከመኪናዬ ስወርድ ፊቱን አጠቆረብኝ። ወሬ ከኔ መኪና ይቀድማል።

«ሰፈር አፍራሿ መጣች» አለ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሳስሪ ነው?»

«አንተን፣ ከተመቸኝ።»

ኢንስፔክተሯ ከጥበቃው ጋር ተጣልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ተጣልቷል። ሽማግሌው ወረፋ ጥሰሃል ብለው በሰው ፊት መልሰውታል፤ እሱም «ሌላ ቀን እንገናኛለን» ብሏል። ይህን ሁሉም ሰምቷል። ይኸው፣ አልኩ በሆዴ፣ ተገኘ።

«እና ተገናኛችሁ?» አለችው።

«እሜቴ፣ እኔ ተቆጥቼ የማልለው ነገር የለም። ሚስቴን ጠይቂ። በየቀኑ ልፈታት ነው።»

ኢንስፔክተሯ መልስ ሳትሰጠው ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የጎማውን ብሎኖች በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ተነሳች።

«እንሂድ» አለችኝ።

«እንዴት እንሂድ? ዝቷል እኮ!»

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የነገረችኝ። ሙሽሮቹ ባለ አራት ብሎን ናቸው፤ የሱ መኪና ባለ አምስት። ቢፈልግም አይገቡለትም። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ያንን የዳቦ መኪና ሳይ ኖሬ አንድ ቀን ብሎኑን አይቼ አላውቅም።

---

የመድኃኒት ቤቷን ባለቤት «ዶክተር» እንላታለን፤ ዶክተር ባትሆንም ትወደዋለች። መኪናዋ ደጃፏ ላይ ቆሟል። የፊት ለፊቱ ቀኝ መብራት የለም፤ ቦታው እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነው። መከላከያውም ገባ ብሏል። እኔ ኢንስፔክተሯን ጎሸም አደረግኳት።

«ዶክተር፣ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? እዚሁ ባንኮኒዬ ላይ።»

«ሱቅዎ ተዘግቶ እንደነበር ጎረቤት ነግሮኛል።»

የዶክተር ፊት ቲማቲም መሰለ። መድኃኒት ሊገዛ የቆመውን ሰው «አንዴ ይቅርታ» ብላ ወደ ውጭ ሸኘችው።

«ገጭቼ አይደለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መብራቱን ልመልስ ሄጄ ነው።»

«የቱን መብራት?»

«ለምርመራ የገባሁበትን። የአጎቴ ልጅ መብራት ነው። እሱም በማግስቱ ምርመራ ነበረበት። እጁ ላይ ነቅዬ ሰጠሁት።»

«መከላከያውስ?»

«የራሴን በር ነው የመታሁት። ይህችው ትመስክር» አለች ወደኔ እያሳየች፤ «ሳቅሽብኝ አልነበር?»

እውነቷን ነው፤ ስቄባታለሁ። ኢንስፔክተሯ በመከላከያው ጠርዝ ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ አቧራ ብቻ ነው። ዝናብ መጥረጊያውን ብድግ አደረገችው፤ ላስቲክ የለውም።

«ይህም ተመልሷል?»

«የጎረቤቴ ነበር።»

«እሳት ማጥፊያውስ?»

«የትምህርት ቤቱ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንስፔክተሯ ከንፈር ላይ ፈገግታ አየሁ። የአጎት ልጅ የተባለውም ሲጠየቅ መብራቱን ከመኪናው ላይ አሳየን፤ ዶክተርን አመሻሽ ላይ እንዳገኛት የቤቱ ሰው በሙሉ መሰከረ።

«ሁለቱ ከዝርዝሩ ወጡ» አልኩ መሪዬን እየመታሁ። «መምህሩ ደግሞ አይሆኑም። ወንድሜ አለቀለት ማለት ነው።»

«ለምን አይሆኑም?»

«ጋሼን አታውቂያቸውማ!»

---

መምህሩን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። መንጃ ፈቃድ ያለን በሙሉ በሳቸው እጅ ነው ያለፍነው። እኔን ሲያስተምሩኝ አርባ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ ፊደል በደንብ የማልለይ ሴት መኪና ልንዳ ስትል ሌላው ሲስቅ እሳቸው በሩን ከፍተው «ግቢ ልጄ» አሉኝ። መኪና ስናቆም ሦስት ቃል ነበሯቸው። ማርሽ፣ እጅ፣ ጠርዝ። ማርሽ አስገቢ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሪ። አንዷን የረሳ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ይመለሳል። እኔ ብዙ ቀን በእግሬ ተመልሻለሁ።

ያገኘናቸው እኔው ቤት ደጃፍ፣ ወደ ጣቢያው ሲሄዱ ነው። ለወንድሜ ምሳ በሳህን ቋጥረው ይዘዋል። ከታሰረ ጀምሮ አንድ ቀን አላቋረጡም።

«ጋሼ፣ ይህች መርማሪዋ ናት» አልኳቸው።

«ልጁን የያዝሽው አንቺ ነሽ?» አሏት፤ ተቆጥተው ሳይሆን ደክሟቸው። «እሱ ሰው ገጭቶ አይሄድም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«እርስዎ ያን ቀን ቦሎ እንዳገኙ በቀጥታ ወደ ቤት ሄዱ?»

«አዎ፣ በቀጥታ።»

«በራስዎ ጎማ?»

ጋሼ የሳህኑን ቋጠሮ አጠበቁ። «በራሴ።»

እሳቸውም የሰፈሩን ምስጢር ጠብቀው ነው ብዬ አለፍኩት። ኢንስፔክተሯ ሳህኑን ተቀብላ «እኔ አደርስልዎታለሁ» ስትል፣ ጋሼ ሳህኑን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

«ራሴ ነው የማደርሰው» አሉ።

---

ሽማግሌው ነቁ። ሐኪሙ ብዙ አታናግሯቸው ብሎ አስገባን። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

«አባባ፣ ማን ገጨዎት?» አለቻቸው።

«አላየሁም ልጄ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሲሚንቶዬን ነበር የማጠጣው።»

«ምን ሰሙ?»

«ምንም።»

«የሞተር ድምፅ?»

«ኧረ ሞተር የለም። ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ፍየል መሰለኝ። ሂጅ! ብዬ ልዞር ስል ነው እንግዲህ።»

ክው አልኩ። የወንድሜ ታክሲ ማርሚታው ከተቀደደ ቆይቷል። ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚሰማው «ነጎድጓድ» ነው የምንለው። ለምርመራ ብሎ በማግስቱ ጠዋት ነበር ማርሚታውን በቆርቆሮ የሸፈነው።

«ይኸው! ነጎድጓድ ፍየል ይመስላል?» ብዬ ሆስፒታሉን አናጋሁት። ነርሷ አስወጣችኝ።

ኢንስፔክተሯ ኮሪደር ላይ መጣችና «ጥሩ ነው፤ ግን አልበቃም» አለችኝ። «ሞተሩን አጥፍቶ ነው የወረደው ቢሉስ? ዳገቱን ላየው እፈልጋለሁ።»

---

የመመርመሪያው የኋላ በር ቁልቁለት ሥር ነው። ከላይ መንገዱ ዳር ሻይ ቤት አለ፤ ምርመራ ያለፈ ሰው ወጥቶ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ ሥር ወረደች። የበሩ ምሰሶ አረንጓዴ ነው። ከጉልበት ዝቅ ብሎ ቀለሙ ተፍቋል፤ እዚያ ላይ ቆማ ብዙ አየች። ከዚያ ወደኔ ወጣች።

«ሻይ ቤቱ ፊት አቁሚ፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይሁን» አለችኝ። ይህን ጊዜ አንቺ ለአንቺ ሆነናል።

አቆምኩ።

«ማርሽ እንዳታስገቢ። የእጅ ፍሬኑን ብቻ ሳቢ።»

ሳብኩ።

«አሁን እግርሽን አንሺ።»

«እእ?»

«ፍሬኑ ላይ ያለውን እግርሽን።»

አነሳሁ። መኪናዬ መጀመሪያ ምንም አላለችም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳያያት እንደምትወጣ ልጅ፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ጠጠሩ ከሥሯ ተንኮሻኮሸ። ሞተሯ ጠፍቷል። በመስታወት ሳይ ልክ ወደዚያ ሲሚንቶ ነው የምትወርደው።

«እንቁላሌ!» ብዬ ፍሬኑን ረገጥኩ።

ኢንስፔክተሯ በመስኮቱ አጎንብሳ አየችኝ። ዓይኗ በርቷል።

«ነጂ አልነበረውም» አለች። «ራሱ ነው የወረደው።»

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ሰው ሁሉ ገጭቶ የሸሸ ነጂ ሲፈልግ፣ እሷ አንዲት የላላች የእጅ ፍሬን ፈልጋ አገኘች።

«ግን እንዴት አለፈ?» አለችኝ። «የእጅ ፍሬን ይፈተን የለም?»

«ቀላል ነው። ቴክኒሻኑ ዳገት ላይ ያቆምሽና ሳቢ ይልሻል። አንቺ እጁን ትስቢና በእግርሽ ደግሞ ሰርቀሽ ትረግጫለሽ። እሱ ከውጭ ነው፤ እግርሽን አያይም። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያልፈው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ አልረግጥም አልኩና ጣለኝ!»

«ስለዚህ የላላ የእጅ ፍሬን ያለውን ነው የምንፈልገው» አለች።

«ታድያ ይህ ምን ያግዛል? የሁሉም ላላ ነው! ደግሞ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ መኪናውን የሚያሰራ ሰው በኛ ሰፈር ገና አልተወለደም። የተዋሰውን ይመልሳል፣ የላላው እንደላላ ይከርማል፣ እስከ ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።»

ቀልዴን ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ከሻይ ቤቱ የወጣ ሰው «መኪናዋን መንገድ ላይ ተዋችኋት እኮ!» እያለ ጮኸብን፤ አልሰማችውም።

«ስለዚህ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቦሎው ተለጥፎለት ሳለ የእጅ ፍሬኑን ያሰራ ሰው ካለ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እኔ ግን በልቤ ጨረስኩት። ምክንያቱም ከሦስቱ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

---

ጋሼ መኪናቸውን ደጃፋቸው ላይ በጨርቅ እየወለወሉ ነው። የሳቸው ደጅም ዳገት ነው። ኢንስፔክተሯ ሰላም አለቻቸውና «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ማቆም ያስተምሩኝ» አለች።

ጋሼ እኔን አዩኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

«ግቢ» አሉ። ራሳቸው መሪው ጋ ተቀመጡ፤ ትንሽ ወደፊት ሄደው ቆሙ። «ማርሽ…» ብለው ሲጀምሩ፣

«ማርሹን ይተዉት» አለቻቸው። «እጁን ብቻ።»

ሳቡ።

«እግርዎን ያንሱ።»

ያኔ ነው ያወቁት መሰለኝ። ሁለቱንም እግራቸውን አነሱ። መኪናው ንቅንቅ አላለም፤ እንደ ቤት ቆመ።

«እንዴት ያለ ፍሬን ነው» አለች። ወርዳ መሬቱ ላይ በጀርባዋ ተኛች፣ ያ ሁሉ ዩኒፎርሟ አፈር እስኪለብስ። ስትነሳ እንዲህ አለች። «ሥሩ የብዙ ዓመት ጭቃ ነው ጋሼ። አንድ ገመድ ብቻ ያብረቀርቃል። የእጅ ፍሬኑ።»

«መምህር ነኝ» አሉ ጋሼ። «ጥንቃቄ ነው።»

«ከምርመራው በፊት ቢሆን ጥንቃቄ ነበር።»

ወደ ኋላ ዞራ የኋላ መከላከያውን የታችኛውን ጠርዝ፣ ጨርቅ የማይደርስበትን፣ በጥፍሯ ፋቀች። ጥፍሯን አሳየቻቸው። አረንጓዴ ነበር።

ጋሼ መሪውን እንደያዙ ወደኔ ዞሩ። ሲናገሩ ለኔ ነው የተናገሩት።

«ቦሎው ሲለጠፍልኝ ደስ አለኝ ልጄ። ምናልባት የመጨረሻዬ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ማርሽ አላስገባሁም። ጎማውን አላዞርኩም። የላላውን እጅ ብቻ ስቤ… እኔ! ስወጣ መኪናው የለም፤ ሥር ወርዶ ምሰሶውን ተደግፏል። ሰው ሳያየኝ ብዬ በፍጥነት ገባሁና ሄድኩ። ሰውየውን አላየሁም። ማታ ነው ወሬውን የሰማሁት። ጎማዎቹን አስቀድሜ መልሼ ነበር።»

«ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ ነው የታሰረው!» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

«በየቀኑ ልነግረው ነው የምሄደው። ሳህኑን አቀብለውና እመለሳለሁ።»

ላንቃቸው፣ ልሰድባቸው አፌን ከፈትኩ። ግን እኚህ ሰው ናቸው በሩን ከፍተው ግቢ ያሉኝ።

«ቦዩ ውስጥ ስለወደቁ ከመሪው ላይ ሆኖ አይታዩም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሄጄ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ይህንንም እጽፈዋለሁ። ዝም ያሉበትንም ቀን እጽፈዋለሁ።»

«ሁለቱንም ጻፊ» አሉ። ጃኬታቸውን አነሱ፤ ለኔ ደግሞ «አንቺ ውሰጂኝ» አሉኝ።

የፖሊስ ጣቢያው ደጅ ዳገት ነው። ጋሼ አጠገቤ እንደ ድሮው ተቀምጠዋል። ማርሹን አስገባሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ጎማውን ወደ ጠርዙ አዞርኩ። ሦስቱንም አንድ በአንድ ተመለከቱ። ወረዱ፣ ዞር ዞር ብለው አንድ ድንጋይ አነሱና ከኋላ ጎማዬ ሥር አደረጉት።

«የእጅ ፍሬንሽ ልል ነው፤ አሠሪው» አሉኝና ገቡ።

---

ወንድሜ ሲወጣ አላቀፈኝም።

«ሙሽሮቹን አስወሰድሻቸው» አለ።

«አንተን አወጣሁ።»

«ሰፈሩ በሙሉ ባዶ እግሩን ቀረ እኮ እታለም!»

«ጫማ ይግዛ!»

ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። ጋሼ ምሳ ያመጡበትን ሳህን አጥቦ ለሚስታቸው መለሰላት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩትም። ጋሼ አሁን በዋስ ወጥተዋል፤ በየጠዋቱ ሆስፒታል ሄደው ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዘው በእግር መሄድ ያለማምዷቸዋል። መኪና አይነዱም። በእግራቸው ነው የሚመለሱት።

ሙሽሮቹ ማስረጃ ተብለው ፖሊስ ጣቢያ ተቆልፎባቸዋል። ሰፈሩ ለጥቂት ጊዜ ሰላምታ ነፈገኝ። ኋላ ዳቦ አከፋፋዩ አዲስ የዝናብ መጥረጊያ ገዝቶ ሲገባ አየሁት፤ «ምን ታያለሽ?» አለኝ።

ወንድሜ መኪናዬ ሥር ተኝቶ የእጅ ፍሬኑን ሠራልኝ። የሰሌዳ መብራቷንም አበራት፤ መጥረጊያም ገዛሁ። ጎማዎቿ የራሷ ናቸው፤ ያረጁ ናቸው ግን አላለቁም። በምርመራው ቀን ኢንስፔክተሯም ተሰልፋለች፤ ለካ የራሷ አሮጌ መኪና አላት።

«የሰሌዳ መብራት» አለችኝ በመስኮቷ፣ እየተሳቀቀች። «ጥለውኛል።»

«አንቺንም?» አልኳት። «ከኔ የተረፈ አምፖል አለ፣ ግን አላውስሽም!»

ከት ብላ ሳቀች። ሁለተኛ ማርሽ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ቴክኒሻኑ ዳገቱ ላይ አቆመኝ። ሳቢ አለኝ፤ ሳብኩ። ከዚያ በሩን ከፍቶ አጎነበሰ፤ ከኛ ነገር በኋላ ሁሉንም ሰው እንደዚያ ያደርጋሉ።

«እግርሽን አንሺ።»

በመስታወት ሳይ ወንድሜ ልክ ከመኪናዬ ኋላ፣ ቁልቁለቱ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«አንተ! ዞር በል ከዚያ!» ብዬ ጮህኩ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «የት እሄዳለሁ?»

ሁለቱንም እግሮቼን ከመቀመጫው በላይ አነሳሁ።

መኪናዬ ንቅንቅ አላለችም።